ቅዱሱ ወጥቶ ዘንዶው የቀረበት አገር

በአገራችን በየወሩ 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ማኅበርተኞች ጽዋ ያነሡበታል፤ የተሳለ ሰው ስለቱን ያስገባበታል፤ ሚያዝያ 23 ቀን ደግሞ ሰማዕቱ ያረፈበት ዕለት ስለሆነ በዓሉ ከሌሎቹ ወራት ሁሉ ይደምቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘውን ድል ሕዝባችን ከዚሁ ዕለት ጋር አያይዞ ሲያስበው ኖሯል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ነበርና። እንግዲህ በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል የሠፈረበት የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ የጊዮርጊስ መሆኑን፣ ሰማዕቱም የዚያች አገር ጠባቂ እየተባለ የሚጠራ መሆኑን የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ ዕለቱ በዚያ አገር ምንኛ ደምቆ ይውል ይሆን ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እንግሊዞች ኤፕሪል 23 ቀን ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ባንኩ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ፋብሪካው እንደ ወትሮው ክፍት ነው። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ግንብ ላይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ በአቅራቢያው ባለው እሑድ ስካውቶች ሰልፍ ይወጣሉ፤ ጥቂት ሰዎች ቀይ ጽጌረዳ በኮታቸው ላይ ይሰካሉ። ከዚህ አልፎ ለዕለቱ የሚዘጋጅ ምግብ፣ ለዕለቱ የሚዘፈን ዘፈን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወግ የለም። ማርች 17 ቀን አየርላንዳውያን ለቅዱስ ፓትሪክ የሚያደርጉትን ሆታ አጠገባቸው ሆነው እያዩ፣ አልፎ አልፎም አብረው እየጠጡ፣ የራሳቸውን ቅዱስ ቀን ግን በዝምታ ያሳልፉታል። (የእንግሊዞቹ ኤፕሪል 23 በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ላይ ይውላል፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቀኑ መለያየቱ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ዝምታ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ጊዮርጊስ ባዕድ ስለሆነ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሰማዕቱ በትውፊት በሮማ ሠራዊት ውስጥ የነበረ፣ በ303 ገደማ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በልዳ አንገቱን የተሰየፈ የምሥራቅ ሰው ነው፤ የእንግሊዝን ምድር አልረገጠም። በእርሱ ዘመንማ እንግሊዝ የሚባል አገርም ሆነ ሕዝብ በደሴቲቱ ላይ አልነበረም። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት ጥቂት ቢፈተሽ ይፈርሳል። የስኮትላንድ ጠባቂ የሚባለው ሐዋርያው እንድርያስ ስኮትላንድን መች አየና ነው? ፓትሪክስ ቢሆን በብሪታንያ ተወልዶ፣ በባርነት ተማርኮ ወደ አየርላንድ የተወሰደ ሰው አይደለምን? ካታላኖች፣ ጆርጂያውያን፣ እኛም ራሳችን ጊዮርጊስን ከሩቅ ተቀብለን ነው የቤታችን ያደረግነው። በእኛ ዘንድ ሰማዕት ዘልዳ እየተባለ ሲጠራ አገሩ ከስሙ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ቢሆንም እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ሕዝብ ቅዱሱን የሚወደው በትውልድ ሐረጉ አይደለም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

እንግሊዞች ከጊዮርጊስ በፊት የራሳቸው ቅዱሳን ነበሯቸው። አንደኛው በ869 በዴንማርክ ወራሪዎች እጅ የተገደለው የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ኤድመንድ ነው። ሁለተኛው በ1066 የሞተውና በ1161 ቅድስናው የታወጀለት ንጉሥ ኤድዋርድ ነው። የጊዮርጊስ ስም ለመነኮሳቱ እንግዳ አልነበረም፤ ኤልፍሪክ የተባለው መነኩሴ በ1000 ዓመት ገደማ ገድሉን በጥንታዊ እንግሊዝኛ ጽፎታል። ነገር ግን ጊዮርጊስ ከመነኮሳት መጻሕፍት ወጥቶ የነገሥታትና የወታደር ቅዱስ የሆነው በመስቀል ጦርነት ዘመን ነው። በ1098 በአንጾኪያ ከበባ ጊዜ ከሰማይ ወርዶ ረዳን ያሉ ፈረሰኞች ወሬውን ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1277 ዌልስን ሲወጋ የጊዮርጊስ መስቀል ያለበትን ዓርማ ለወታደሮቹ አደለ። ሣልሳዊ ኤድዋርድ በ1348 ገደማ የጋርተርን ኒሻን ሲያቋቁም ማኅበሩን በጊዮርጊስ ጥበቃ ሥር አኖረው፤ መቀመጫውንም በዊንዘር ቤተ መንግሥት አደረገ። በ1415 አምስተኛው ሄንሪ በአዠንኩር ፈረንሳዮችን ድል በነሣበት ዓመት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሄንሪ ቺችሊ የጊዮርጊስ ቀን እንደ ልደት በዓል ከታላላቅ በዓላት ተርታ ሥራ ተከልክሎ እንዲከበር አዘዘ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ቅዱሱ የገባው በግቢው በር፣ በወታደር ጋሻ ላይ ተስሎ ነው። ዳሩ ግን ከበሩ ውስጥ አልቀረም፤ ከተሜው ተቀበለው። ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ነጋዴው በየከተማው በጊዮርጊስ ስም ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ማኅበራት ከእኛ የጽዋ ማኅበርና ከዕድር ብዙ የራቁ አልነበሩም። አባል ሲሞት ይቀብራሉ፤ የደኸየውን ይረዳሉ፤ በዓመት አንድ ቀን በአንድነት ይበላሉ። ከሁሉ የታወቀው በ1385 በኖሪች ከተማ የተመሠረተው ነው። አምስተኛው ሄንሪ በ1417 የመብት ደብዳቤ ሰጥቶታል።

በዚህ ማኅበር ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ የተውኔት ሰው ሆኜ እንዲሁ ላልፈው አልቻልኩምና። ኖሪቾች በየዓመቱ በጊዮርጊስ ቀን ጎዳናው ላይ ያወጡት የነበረው ሰልፍ፣ ጸሎትም ትያትርም ነበር። አንድ ሰው ጥሩር ለብሶ፣ ሰይፍ ታጥቆ፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ጊዮርጊስን ይሆናል። ማርጋሬት የሚሏት ልዕልት ትከተለዋለች፤ በእኛ ሥዕሎች ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የምናያት ብሩታይት የእርሷ እኅት ነች ማለት ይቻላል። ከዚያም ዘንዶው ይመጣል። ዘንዶው ከእንጨት ቀጫጭን ዘንጎችና ከሸራ የተሠራ ሆኖ በውስጡ ሰው ይገባበታል፤ ክንፉን ያራግባል፤ መንጋጋውን ይከፍታል፤ ሕፃናቱን ያስደነግጣል። ከቅዱሱ ጋር ይዋጋና ይሸነፋል። በማግስቱ ዓመት እንደገና ይነሣል። ተመልካቹ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ቢሆንም ይመጣል። ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ትያትር ከየት ይገኛል?

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ስምንተኛው ሄንሪ ከሮማ በተለየ ጊዜ የበዓላት ብዛት ሥራ ያስፈታል፣ አዝመራም ያሳልፋል ተብሎ በ1536 ብዙዎቹ ተሻሩ። የጊዮርጊስ ቀን ግን ከጥቂቶቹ ጋር ተለይቶ ተረፈ፤ ንጉሡ የጋርተር አለቃ ነበርና ቅዱሱን ለመሻር እጁ ሳሳ። ሄንሪ ሞቶ ሕፃኑ ስድስተኛው ኤድዋርድ ሲነግሥ የተሐድሶ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። በ1547 በወጣው ሕግ በቅዱሳን ስም የቆሙ ማኅበራት ንብረታቸው ለዘውዱ ተወረሰ። በ1552 ደግሞ ፓርላማው የሚከበሩትን በዓላት ቆጥሮ ሲደነግግ ጊዮርጊስ ከዝርዝሩ ወጣ። ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እርሱ ነው። የጋርተር ባለ ኒሻኖች ኤፕሪል 22፣ 23 እና 24 የጊዮርጊስን በዓል ማክበር ይችላሉ ይላል።

አንባቢ ይህን አንቀጽ ልብ ብሎ ይመልከተው። በዓሉ አልጠፋም፤ ተከፈለ። ከሸማኔው ተነጥቆ ለመስፍኑ ቀረ። ጎዳና ላይ የነበረው ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ወደ ዊንዘር ግቢ ተመለሰ። ሰዎቹ ተሐድሶ የቅዱሳንን ክብር ሻረ ሲሉ፣ የማንን ቅዱሳን፣ ከማን እጅ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የእንግሊዝ ገበሬና ባለእጅ ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስን ያየው በንጉሥ ማኅተም ላይ፣ በመርከብ ሰንደቅ ላይ፣ በባለሥልጣን አንገት ላይ በተንጠለጠለ ኒሻን ላይ ነው። የሌላ ሰው ቅዱስ ሆነበት።

በኖሪች የሆነው ደግሞ ተውኔት ጸሐፊ ሊፈጥረው የማይደፍረው ነው። የኖሪች ማኅበር ከከተማው አስተዳደር ጋር አስቀድሞ ተጣምሮ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም። በንግሥት ኤልሳቤጥ መንግሥት መጀመሪያ ግን ጊዮርጊስም ማርጋሬትም ከሰልፉ እንዲወጡ ተወሰነ፤ ቅዱሳንን በሰው ተመስለው ማሳየት ጣዖት ማምለክ ተብሏልና። ዘንዶው ግን ለሰው መዝናኛ እንደ ቀድሞው ዓመት ይምጣ ተባለ! ቅዱሱ ከመድረክ ወጣ፤ ጠላቱ ብቻውን ቀረ። ኋላም ዘንዶው በየዓመቱ ከአዲስ ከንቲባ ሹመት ጋር ተያይዞ ስለሚወጣ ከኤፕሪል 23 ጋር የነበረው ዝምድና ተቋረጠ። ማኅበሩ በ1731 ሲፈርስ እንኳ ዘንዶው አልሞተም፤ ስናፕ እያሉ ስም አውጥተውለት የአገሪቱ የከተሞች አስተዳደር በሕግ እስከተለወጠበት እስከ 1835 ድረስ ከከንቲባው ፊት ፊት ሲሄድ ኖሯል። ዛሬ በኖሪች ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል።

ከዚያ ወዲያ ጊዮርጊስ በቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ምን ቦታ እንደያዘ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። የእኛ ጸሐፊዎች በብራና ላይ የከበረውን ስም በቀይ ቀለም፣ የቀረውን በጥቁር እንደሚጽፉ ሁሉ፣ እንግሊዞችም ዋና ዋና በዓላትን በቀይ፣ ሌሎቹን በጥቁር ያትሙ ነበር። በ1662 የወጣው የጸሎት መጽሐፋቸው ጊዮርጊስን በጥቁሩ መዝገብ አኖረው። የአገር ጠባቂ ተብሎ በጥቁር ቀለም! ሊቃውንቱም ይከራከሩበት ጀመር። ተሐድሶ አራማጆች ታሪኩ ተረት ነው ሲሉ፣ ፒተር ሄይሊን የተባለ ካህን በ1631 ጊዮርጊስ በእውነት ነበረ ብሎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ለአንድ ቅዱስ ጠበቃ ማቆም ካስፈለገ በዓሉ ቀድሞውኑ ታሟል ማለት ነው። ኤድዋርድ ጊበንም ስለ ሮማ መንግሥት አወዳደቅ በጻፈው ታሪክ፣ በ1781 በወጣው ክፍል ውስጥ፣ የእንግሊዝን ጊዮርጊስ በ361 በእስክንድርያ ሕዝብ እጅ ከተገደለው ከአርዮሳዊው ጳጳስ ከጊዮርጊስ ጋር አንድ አድርጎ፣ ለሠራዊት የዓሣማ ሥጋ እያቀረበ ያጭበረበረ ነጋዴ አደረገው። ሊቃውንት ዛሬ ይህን አይቀበሉትም፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስድቡ ግን ከእርማቱ ይልቅ ሩቅ ተጓዘ።

ባለቅኔዎቹና ነገሥታቱስ? እነርሱ አልተዉትም። ኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ ቀይ መስቀል የለበሰውን ፈረሰኛ የእንግሊዝ ጊዮርጊስ አደረገው። ሪቻርድ ጆንሰን በ1596 በወጣው ልብ ወለዱ ከዚያም አልፎ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ከእንግሊዛዊ ወላጆች ወለደው፤ የባዕድነቱን ክስ በብዕር ገላገለው ማለት ነው። ሁለተኛው ቻርልስ በ1661፣ ሁለተኛው ጄምስ በ1685፣ ንግሥት አን በ1702 ዘውድ የደፉት በኤፕሪል 23 ቀን ነው። ይህ ሁሉ ግን ወደዚያው ወደ ተከፈለው በዓል ይመልሰናል። ዕለቱ የዘውድ ቀን ነበረ፤ ሕዝቡ ቆሞ የሚያየው እንጂ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

እዚህ ላይ ስለ ዊንዘሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። ዛሬ የቆመው ሕንፃ በ1475 ተጀምሮ በ1528 ያለቀ ሲሆን፣ የነገሥታት መቃብር ነው፤ በዓላትን የሻረው ስምንተኛው ሄንሪ ራሱ እዚያ ተቀብሯል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሲሞት በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ የተቀበረው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 እንግሊዝን ሲጎበኙ የጋርተርን ኒሻን ተቀብለዋል። እንዲህ ሲታይ የእንግሊዝ ሸማኔ ልጅ ያልገባበት የጊዮርጊስ ማኅበር ለውጭ ነገሥታት በሩ ክፍት ነበር።

ሕዝቡ በዓል አጥቶ አልተቀመጠም፤ ይህን ማንሳት ይገባል። የፕሮቴስታንቱ መንግሥት ከቅዱሳን በዓላት ባዶ በሆነው ቀን መቁጠሪያ ውስጥ የራሱን በዓላት ተከለበት። ኤልሳቤጥ የነገሠችበት ኖቬምበር 17 በደወልና በእሳት ይከበር ጀመር። በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት የተጠነሰሰው ሤራ ከተደረሰበት በኋላ፣ ኖቬምበር 5 በየዓመቱ የምስጋና ቀን እንዲሆን በሕግ ታዘዘ። በ1660 ንጉሡ ከስደት የተመለሰበት ሜይ 29 ተጨመረ። የሁለቱም ሕግ በ1859 ተሽሯል። ነገር ግን ሜይ 29 ሕጉ ሲነሣ በአብዛኛው ሲከስም፣ ኖቬምበር 5 እስከ ዛሬ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በኖቬምበር 5 የሚሠራ ሥራ አለ። ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፤ የጋይ ፎክስን ምስል በጨርቅ ይሠራሉ፤ ሳንቲም ይለምኑበታል፤ በጨለማ ያቃጥሉታል፤ ርችት ይተኩሳሉ። ደመራ ላየ ሰው ይህ አይገርመውም። እንግሊዛዊ ልጅ በኖቬምበር ብርድ ከእሳት ዳር መቆምን ሲያውቅ፣ በኤፕሪል 23 ምን እንደሚደረግ ግን የሚነግረው አያት አልነበረውም።

የሚያስደንቀው ነገር ጊዮርጊስ ከሕዝቡ ሙሉ በሙሉ አለመጥፋቱ ነው። ከቀኑ ወጣ እንጂ ከአገሩ አልወጣም። በየመንደሩ ወጣቶች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው፣ በወረቀት ቁርጥራጭ ያጌጠ ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚጫወቱት አጭር ተውኔት አለ። ጽሑፉ ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በብዙ ቅጂ ተገኝቷል። ጊዮርጊስ ይገባና ይፎክራል፤ የቱርክ ፈረሰኛ ይገባና ይፎክራል፤ ይዋጋሉ፤ አንዱ ይሞታል። ያን ጊዜ በጠርሙስ መድኃኒት የያዘ ሐኪም ይመጣል፤ የዞረባቸውን አገሮችና የፈወሳቸውን በሽታዎች ይደረድራል፤ በዋጋ ይከራከራል፤ ሟቹን ያስነሣል። ከዚያ ባርኔጣ ይዞራል። በእኛ ገድል ሰማዕቱ በዱድያኖስ እጅ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ መነሣቱን ለሚያውቅ አንባቢ፣ የሙታን መነሣት በእንግሊዝ መንደር ሳቅ ሆኖ ማግኘት ልዩ ስሜት ያሳድራል። አንዱ ከሌላው መጣ ለማለት አልደፍርም።

ታዲያ ይህ ተውኔት የሚታየው መቼ ነው? በአብዛኛው በገና ሰሞን ነው፤ በቼሻየር በሙታን መታሰቢያ ጊዜ፣ በላንካሻየርና በዮርክሻየር በፋሲካ። በኤፕሪል 23 አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ከ1714 እስከ 1830 ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት በተከታታይ ሲነግሡ፣ በብዙ ቅጂዎች ውስጥ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» የነበረው «ንጉሥ ጆርጅ» ሆነ። ዘውዱ በመንደር ተውኔት ውስጥ እንኳ የቅዱሱን ወንበር ወሰደ።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ። በ1606 የእንግሊዝና የስኮትላንድ መስቀሎች ተዳምረው አንድ ሰንደቅ ሆኑ፤ በ1707 ሁለቱ መንግሥታት ተዋሐዱ፤ በ1801 አየርላንድ ተጨመረች። ከዚህ በኋላ እንግሊዛዊው ሁለት ስም ነበረው፤ እንግሊዛዊም ብሪታንያዊም ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙም አላሳሰበውም። ስኮትላንዳዊው ልዩነቱን ያውቅ ነበር፤ እንዳይዋጥ ይጠነቀቅ ነበርና። እኛም በአማርኛ ይህን መዋጥ በቃላችን አጽድቀነዋል፤ አገሩን በሙሉ «እንግሊዝ» እንላለን። በ1868 መቅደላ ላይ የወጣው ሠራዊት ውስጥ አየርላንዳውያንም ህንዶችም ነበሩ፤ እኛ ግን የመጣው እንግሊዝ ነው ብለናል። ክሪሻን ኩማር የተባሉት የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር በ2003 ባወጡት መጽሐፍ እንደሚያስረዱት፣ ግዛተ ዓፄ የመሠረተ ሕዝብ የራሱን ብሔር ስም ከፍ አድርጎ መጥራቱን ይቆጠብበታል፤ ኩራቱን በሠራው ግዛት ላይ ያኖራልና። ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የእንግሊዝ ተማሪ ቤቶች ባንዲራ ይዘው የሚዘምሩት በንግሥት ቪክቶሪያ ልደት፣ ሜይ 24 ቀን፣ በግዛተ ዓፄው በዓል ነበር። ግዛቱ ሲፈርስ ያም በዓል በ1958 ስሙን ለውጦ ደበዘዘ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ከአገራቸው የወጡት እንግሊዞች ጠባይ ነው። በኒውዮርክ በ1770፣ በፊላደልፊያ በ1772 በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ማኅበር አቋቁመው፣ ድሀ የሆነውን ስደተኛ ወገናቸውን ይረዱ፣ በቀኑም ማዕድ ይቆርሱ ነበር። ከሌሎች ጋር ተደባልቀው በሚኖሩበት አገር ማን እንደሆኑ መናገር አስፈልጓቸዋል። አየርላንዳውያን ፓትሪክን ያገነኑት በዚያው በአሜሪካ ጎዳና ላይ መሆኑ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በራሱ ቤት ጌታ የሆነ ሰው ግን ስሙን በደጁ ላይ አይጽፍም። በአገር ቤት የቅዱስ ጊዮርጊስ ንጉሣዊ ማኅበር የተመሠረተው እስከ 1894 ዘግይቶ ነው።

የሥራው ዓለምም የራሱ ድርሻ አለው። የእንግሊዝ ባንክ ቀድሞ በዓመት 33 ያህል የቅዱሳንና የሌሎች በዓላት ቀኖች ይዘጋ ነበር፤ በ1834 ወደ አራት ወረዱ። ፋብሪካው የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ የሚዞር መንኩራኩር እንጂ ጻድቃንን የሚቆጥር ሠራተኛ አልነበረም። ሰር ጆን ለቦክ በ1871 የባንክ በዓላትን ሕግ ሲያጸድቁ የሠራተኛው ሕዝብ በደስታ ተቀበለው፤ ለእንግሊዝ የተመረጡት ቀኖች ግን የፋሲካና የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞዎች፣ የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞና የገና ማግስት ነበሩ። የጊዮርጊስን ነገር ያነሣ የለም። አየርላንድ ለፓትሪክ በ1903፣ ስኮትላንድ ለእንድርያስ በ2007 የባንክ በዓል አገኙ። በ2017 ምርጫ የሌበር ፓርቲ የአራቱንም ብሔሮች ቅዱሳን ቀን በዓል አደርጋለሁ ብሎ ነበር፤ አላሸነፈም።

እንግዲህ ከሁሉ የከበደው ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤት አልባ የሆነ ምልክት ሜዳ ላይ እንደወደቀ መሣሪያ ነው፤ ያገኘው ያነሣዋል። በ1966 እንግሊዝ የዓለምን ዋንጫ በዌምብሊ ሜዳ ስትወስድ ተመልካቹ የሚያውለበልበው የብሪታንያን ኅብር ባንዲራ ነበር። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ እዚያው ሲደረግ ግን ሜዳው በቀይ መስቀል ተሞላ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሕዝቡ አንድ ነገር ፈልጎ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ስደተኛን የሚጠሉ ቡድኖችም ያንኑ መስቀል ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዛዊው በመስኮቱ ላይ ባንዲራ ሲሰቅል ጎረቤቱ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ይቸገራል፤ ኳስ ወዳድ ይሁን፣ አገር ወዳድ ይሁን፣ ቆዳዬን የሚጠላ ይሁን ብሎ ይጠራጠራል። በ2014 አንዲት የሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባል ሮቼስተር ውስጥ ባንዲራ የተሰቀለበትን የአንድ ሰው ቤት ፎቶግራፍ አንሥተው ያለ አስተያየት ቢያሳዩ፣ ሠራተኛውን ሕዝብ ናቁ ተብለው በፓርቲው አመራር ውስጥ የነበራቸውን ኃላፊነት ለቀቁ። በ2025 በጋ ደግሞ በብዙ ከተሞች የመንገድ መብራት ምሰሶዎች በቀይ መስቀል ባንዲራ ተሞሉ፤ አደባባዮች ላይ መስቀሉ በቀለም ተሣለ። አንዱ ወገን ፍቅረ አገር ነው አለ፤ ሌላው በተለይም ቆዳው ጥቁር የሆነው ወይም ከውጭ የመጣው ነዋሪ ማስፈራሪያ ሆኖ ታየው። በጊዮርጊስ ቀን የሚቆረስ ዳቦ፣ ልጆች የሚሮጡለት ዘንዶ፣ ማንም ጎረቤት የሚጠራበት ማዕድ ቢኖር ኖሮ መስቀሉ ብቻውን ይህን ያህል ባልከበደ ነበር። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የሚቃወም ሊኖር ይችላል።

በዚሁ ዕለት ላይ ሌላ ባላንጣም አለ። ዊልያም ሼክስፒር የሞተው ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ነው፤ የተጠመቀው ኤፕሪል 26 ቀን 1564 ስለሆነ ልደቱንም በልማድ 23 ላይ አድርገውታል። የትውልድ ከተማው ስትራትፎርድ በዚያ ሰሞን አበባ ይዛ ወደ መቃብሩ በሰልፍ ትሄዳለች። እንግሊዞች በዚህ ቀን ከልብ የሚያከብሩት ሰው ካለ እርሱ ነው፤ እኔ በበኩሌ ለጸሐፊ ተውኔት የተሰጠውን ክብር አልቃወምም። ካታላኖች ግን ሁለቱን አስታረቋቸው። በባርሴሎና የጊዮርጊስ ዕለት ሰው ለወዳጁ ጽጌረዳና መጽሐፍ ይሰጣል፤ ጎዳናው ሁሉ የመጽሐፍ ገበያ ይሆናል። ዩኔስኮ በ1995 ኤፕሪል 23ን የዓለም የመጽሐፍ ቀን ያደረገው ከዚህ ልማድ በመነሣት ነው።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቢሆን ቀኑን አጥብቃ አልያዘችውም። ኤፕሪል 23 በሕማማት ወይም በፋሲካ ሳምንት ከዋለ፣ የጊዮርጊስ በዓል ከዳግም ትንሣኤ እሑድ በኋላ ወደሚመጣው ሰኞ ይዛወራል። በ2019 ወደ ኤፕሪል 29 ሄዷል። በ2011 ደግሞ ቀኑ ከቀዳም ሥዑር ጋር ስለገጠመ ወደ ሜይ 2 ተላለፈ። ያ ሰኞ ከ1978 ጀምሮ በየዓመቱ በሜይ መጀመሪያ የሚውለው የባንክ በዓል ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት መላው እንግሊዝ በጊዮርጊስ ዕለት ሥራ ፈትቶ ውሏል፤ ሰዉ ግን አትክልቱን ሲኮተኩትና ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ ዋለ እንጂ የማን በዓል እንደሆነ የነገረው አልነበረም።